ጠዋት ሩጫ፣ ማታ ብረት

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ለሰፈር ወጣቶችና ለወላጆቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች «ጽፈህ ላክልን» ስላሉኝ ከማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። በመጨረሻ ከተጠየቅኩት ውስጥም ጥቂቱን አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ ማራገቢያው ያለው ከፊት ነው።

ከአንድ ግቢ ልጀምር። ሳቢያን ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር የልጆቹ ጂም አለ። ጂም ስላችሁ መስታወትና ማሽን ያለበት አይደለም። አንድ የውሃ ቧንቧ ብረት ነው። በሁለቱ ጫፍ የኒዶ ጣሳ ተሰክቷል፤ ጣሳው በሲሚንቶ ተሞልቷል። ሲሚንቶው ሲደርቅ አንደኛው ጣሳ ትንሽ ስለዘመመ ብረቱ ሲነሳ ወደ ግራ ያጋድላል። ልጆቹ ያውቁታል። አንዱ ሊያነሳ ሲጎነበስ ሌላው ማንም ሳይነግረው በግራ በኩል ይቆማል።

እዚያ ግቢ ሁለት ጓደኛሞች አሉ። አንዱ ብረት ይገፋል። ሌላው ሯጭ ነው። አንድ ማታ ሲከራከሩ ደረስኩ። ብረት የሚገፋው «ሩጫ ሥጋ ይበላል» ይላል። ሯጩ ደግሞ «ብረት እግር ያስራል፣ ያከብዳል» ይላል። አብሮ አደግ ናቸው፤ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ቀምሶ አያውቅም። «አቦ ጋሼ፣ እስቲ አንተ ፍረድ» አሉኝ። ያን ማታ ቸኩዬ ስለነበር «ሁለቱም ያስፈልጋል» ብዬ ሄድኩ። መልሱ ልክ ነው። ግን እንዴት እንደሆነ ሳልነግራቸው ነው የሄድኩት። ዛሬ ያን ዕዳ ልከፍል ነው የመጣሁት። ሁለቱም ከፊቴ ተቀምጠዋል።

በትምህርት ቤት የስፖርት መጽሐፍ ሁለቱ የየራሳቸው ስም አላቸው። ጥንካሬ የሚባለው ጡንቻ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ኃይል ነው። ብርታት የሚባለው ሳይደክሙ ረጅም ጊዜ መሥራት መቻል ነው። ስማቸው ስለተለያየ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚሠሯቸው ይመስለናል።

አንድ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ቆሜ አንድ ተሸካሚ አየሁ። ዕድሜው ወደ 35 ይሆናል። የ50 ኪሎ የዱቄት ከረጢት ከመኪና ላይ እየወሰደ ወደ መጋዘን ያስገባል። ከረጢቱ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ ይልና ቀጥ ይላል። እርምጃው አጭር ነው። እግሩን ከመሬት ብዙም አያነሳም። አየር የሚያወጣው ከረጢቱን ሲጥል ነው፤ «ህ» ይላል፣ ዞሮ ይመጣል። ቆጠርኩ። 31 ከረጢት ሳያርፍ አስገባ። ይሄ ጥንካሬ ነው ወይስ ብርታት? ሰውነቱ ጥያቄውን አያውቀውም። ሲጨርስ ውሃ እየጠጣ ወገቡን ያዘ። «ያመኛል፣ ግን ነገም አለ» አለኝ። ከዚህ ሰው ሁለት ነገር ተማርኩ። ሰውነት ሁለቱንም አብሮ መያዝ ይችላል። ዕረፍት ካጣ ግን ያው ሰውነት ይከፍላል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ከባድ ነገር ደጋግመን ስናነሳ የጡንቻው ክሮች ይወፍራሉ። ነርቭም ይማራል። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ጉልበት በአብዛኛው የነርቭ ነው፤ ጡንቻው ገና አልወፈረም። ስንሮጥ ደግሞ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል። ጡንቻው ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ማይቶኮንድሪያም ይበዛሉ፤ እነዚህ ምግብን በኦክስጅን እያቃጠሉ ጉልበት የሚያወጡ ጥቃቅን ምድጃዎች ናቸው።

ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በሕዋሳችን ውስጥ ኤምቶር የሚባል ፕሮቲን አለ። ብረት ስንገፋና ስንበላ ይነቃል። ሥራው «ገንባ» ማለት ነው። ኤኤምፒኬ የሚባል ሌላ አለ። ነዳጅ ሲጎድል ይነቃል። ሥራው «ግንባታው ይቆይ፣ መጀመሪያ ነዳጅ» ማለት ነው። ረጅም ሩጫ ይሄንን ሁለተኛውን ይቀሰቅሰዋል፤ እሱ ደግሞ የመጀመሪያውን ይጫነዋል። ስለዚህ «ሩጫ ሥጋ ይበላል» ያለው ልጅ ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። ነገር ግን ይሄ በአይጥ ላይ ጎልቶ የታየውን ያህል በሰው ላይ አልታየም። ደግሞም ምልክቱ የሚቆየው ለሰዓታት ነው። ነቅቶ ይበርዳል። ይቺን «ለሰዓታት» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ነገሩን መጀመሪያ በደንብ የለካው ሮበርት ሂክሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ራሱ ብረት የሚወድ ሰው ነበር። ሴንት ሉዊስ ከተማ ጆን ሆሎዚ ከሚባሉ ትልቅ ሳይንቲስት ጋር ሊሠራ ሄደ። ሆሎዚ ይሮጡ ነበር። ሂክሰንም አብሯቸው መሮጥ ጀመረ። ብረቱን ግን አልተወም። ቀስ በቀስ ጡንቻው እየቀነሰ መጣ። በኋላ የራሱን ላብራቶሪ ሲያገኝ ሊፈትሸው ተነሳ። ውጤቱ እንደ ፈረንጆቹ በ1980 ታተመ።

ሰዎቹን በሦስት ቡድን ከፈላቸው። 10 ሳምንት አሠራቸው። አንዱ ቡድን በሳምንት 5 ቀን ብረት ብቻ። ሌላው በሳምንት 6 ቀን ሩጫና ሳይክል ብቻ። ሦስተኛው ሁለቱንም፣ ምንም ሳይቀነስለት። የሦስተኛው ቡድን ብርታት ልክ እንደ ሯጮቹ አደገ። ጉልበቱም እስከ 7ኛው ሳምንት ገደማ አደገ። ከዚያ ቆመ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ወረደ።

ከዚያ ወዲህ «ሩጫ ጡንቻ ይበላል» የሚለው ወሬ ዓለምን ዞረ። ሳቢያን ድረስ መጣ። እስቲ ቁጥሩን እንየው። 5 ሲደመር 6፣ በሳምንት 11 ልምምድ ነው። ሩጫው ሶምሶማ አልነበረም። እስከ 40 ደቂቃ፣ በተቻለ ፍጥነት ነው። ሳይክሉም እያንዳንዱ 5 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ከአቅም ጫፍ የሚደርስ፣ 6 ጊዜ የሚደጋገም ነው። ይሄን ሁሉ ጭነው እንኳ ሰዎቹ ሰባት ሳምንት ያህል ሁለቱንም አብረው አሳድገዋል። እኔ ከጥናቱ የማነበው ይሄን ነው። ጉልበታቸውን ሩጫው ብቻውን የበላው አይመስለኝም። ማገገሚያ ማጣት ነው የበላው።

ይሄን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። በራሴ ደርሷል። 22 ዓመቴ ነበር። ጠዋት ወደ ደንገጎ የሚያወጣውን ዳገት እሮጥ ነበር። ያ ዳገት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ባቡሩ ራሱ ያልወጣው ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ሐዲዱ ሐረር ሳይገባ እዚህ ሜዳ ላይ የቀረው፣ ይቺም ከተማ የተቆረቆረችው ተራራው ስለከበደ ነው። እኔ እሱን ወጥቼ እወርድና፣ ጭኔ እየተንቀጠቀጠ በቀጥታ ወደ ብረት እሄዳለሁ። ስኳት፣ ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ በሳምንት 6 ቀን። ቁርስ ከዚያ በኋላ ነው፤ ካለ።

ሁለት ወር ሳይሞላ መጀመሪያ 8 ጊዜ ቁጢጥ ብዬ የምነሳበትን ክብደት 5 ጊዜ አቃተኝ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠዋት ገና ሳልነሳ ልቤ ሲመታ ይሰማኛል። ጉንፋን አይለቀኝም። የሚያሠራኝ ሰው ስደክም ያየኛል፤ ያለኝ ነገር አንድ ብቻ ነው። «ጨምር።» ጨመርኩ። የቀኝ ጉልበቴ አበጠ። አራት ወር ከሁሉም ነገር ራቅኩ። ያኔ የስንፍና ጉዳይ መስሎኝ ነበር የማፍረው። ማፈር አልነበረብኝም። ዛሬ የደከመ ልጅ ላይ ቆሞ «ጨምር» የሚል አሰልጣኝ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ድካም መረጃ ነው። የሚሰማው ሰው ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሯጩ ልዙር። ብረት ያከብዳል ላልከው። እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ፊንላንድ ውስጥ ሊና ፓቮላይነን የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ብርቱ ሯጮችን ወስደው 9 ሳምንት ሠሩ። ከሯጮቹ ከፊሉ ከልምምዳቸው ሲሶ ያህሉን በዝላይ፣ በአጭር የፍጥነት ሩጫና ቀለል ያለ ብረት በፍጥነት በመግፋት ተኩት። ተኩት ነው ያልኩት፤ አልጨመሩም። ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው። በመጨረሻ የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው ተሻሻለ። የሚገርመው ኦክስጅን የመውሰድ አቅማቸው አልጨመረም። የተለወጠው ቁጠባው ነው። በዚያው ፍጥነት ሲሮጡ የሚያወጡት ጉልበት አነሰ።

ለምን? ሯጭ መሬት ሲረግጥ የተረከዙ ጅማት እንደ ላስቲክ ይወጠራል፤ ሲለቅቅ ወደፊት ይወረውረዋል። ጅማቱና ጡንቻው ጠንካራ ከሆኑ ላስቲኩ ብዙ ይመልሳል። ደካማ ከሆኑ እግር መሬት ላይ ይሰምጣል፤ ጉልበቱ እዚያው ይቀራል። ዝም ብላችሁ የእግር ድምፅ ስሙ። የደከመ ሯጭ እግሩ «ጧ፣ ጧ» ይላል። እና ወንድሜ፣ ብረት እግርህን አያስርም። በሳምንት ሁለት ቀን ብረት የሚሠራ ሯጭ እንደ ቡልዶዘር አይወፍርም። መወፈር ራሱ ዓመታት የሚፈጅ፣ ብዙ ምግብ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ብረት የሚገፋው ጓደኛህን ጠይቀው፤ ይነግርሃል።

እንደ ፈረንጆቹ በ2022 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራም አለ። ሁለቱን አብሮ መሥራት የጡንቻን መወፈርም ሆነ ትልቁን ጉልበት እንደማይጎዳ አሳየ። ትንሽ የሚነካው አንድ ነገር ነው፤ ፈንጂ ጉልበት። ማለትም የመዝለል፣ የመስፈንጠር ኃይል። እሱም በተለይ ሁለቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተደርበው ሲሠሩ ነው። በረኛ ወይም አጭር ርቀት ሯጭ ከሆንክ ተጠንቀቅ። ለቀሪው ሰው ግን ሁለቱ አይጣሉም ማለት ይቻላል፤ ቦታ ከሰጠናቸው።

ቦታ ስል ሰዓት ማለቴ ነው። ያዙልኝ ያልኳት ቃል ይቺ ናት። በሩጫውና በብረቱ መሀል ቢያንስ 6 ሰዓት ቢኖር ጥሩ ነው ይባላል። አሁን የምለው ነገር ለእኔ የዛሬው ዋናው ነው። ይሄ ክፍተት ድሬ ውስጥ ድሮውንም አለ። ድሬ ቀኗን ለሁለት ከፍላ የምትኖር ከተማ ናት። በማለዳ ትነሳለች። 6 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ታባርረናለች፤ ሱቁ ገርበብ ይላል፣ ሰው ጥላ ይይዛል። 10 ሰዓት ላይ ትነቃለች። ማታ መብራት ሲበራ ሌላ ቀን ትጀምራለች። የሌላ ከተማ ሰው ይሄን እንደ ስንፍና ያየዋል። እኔ ግን ሰው ለልምምድ የሚመች ቀን ፍጠር ቢባል ከዚህ የተሻለ አይፈጥርም እላለሁ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሩጫ። ፀሐይ ሳትጠነክር፣ 1 ሰዓት ሳይሞላ ቤት። ማታ 12 ሰዓት ላይ ብረት። መሀሉ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ያ «ግንባታው ይቆይ» የሚለው ምልክት ከበረደ ቆይቷል። መሀሉን በምን እንደምትሞሉት ነው ጉዳዩ።

በመጀመሪያ ምግብ። ፉል ብሉ። ድሬ ላይ ቁርስ በፉል መጀመር ድሮም ያለ ነው። ሁለቱንም የሚሠራ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 96 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ገደማ። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ፉል 15 ገደማ ይሰጣል። ምስር አለ፣ ሽሮ አለ፣ ሲገኝ የግመል ወተት አለ። ያን በቆርቆሮ የሚሸጠውን ዱቄት ካልገዛሁ ብሎ ከእናቱ የሚጣላ ልጅ አውቃለሁ። እባካችሁ አትጣሉ። ዱቄቱ መርዝ አይደለም፤ ግን ለዚያ ገንዘብ የሚገዛው ባቄላና እንቁላል ብዙ ነው።

ሁለተኛ እንቅልፍ። የቀትር እንቅልፍ 30 ደቂቃም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው በአዳራሽ አያነሳውም። እዚህ ከተማ ስለ ቀትር እያወሩ ጫትን ዘሎ ማለፍ ግን አይሆንልኝም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አባቶቻችን፣ ወንድሞቻችን፣ ጓደኞቻችን የሚቀመጡበት ነው። ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። እንቅልፍ ያባርራል። ሰውነት የሚገነባባቸውን ሁለት ነገሮች፣ ምግብንና እንቅልፍን፣ አንድ ላይ ይወስዳል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ በምርቃና ሰዓት ብረት ለመግፋት የሚመጣው ልጅ ነው። ጉልበት ያለው ይመስለዋል። ልቡ ግን ገና ሳይጀምር እየሮጠ ነው። እኔ ጋ እንደዚያ የመጣ ልጅ ብረት አይነካም። ቁጭ ብሎ ውሃ ይጠጣል፣ እናወራለን፣ ነገ ይመጣል። ቅር የሚለው አለ። ቅር ይበለው፤ በሕይወት ይኑርልኝ።

ሳምንቱን እንዴት እናድርገው? ለጀማሪ ማክሰኞና ዓርብ ማታ ብረት ይሁን። ሰኞና ሐሙስ ማለዳ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ሶምሶማ። እያወራችሁ የምትሮጡት ሩጫ መሆን አለበት፤ ማውራት ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። እሑድ ማለዳ ረዘም ያለ፣ ምናልባት አንድ ሰዓት። ረቡዕና ቅዳሜ ዕረፍት። ሲለመድ ከሐሙሱ ሩጫ ውስጥ ጥቂት ፈጣን ደቂቃዎች ይገባሉ። ከዚያ በፊት አይደለም። ከባዱ የእግር ብረትና ከባዱ ሩጫ ጎን ለጎን አይዋሉ። ዓርብ ማታ እግራችሁን አድክማችሁ ቅዳሜ ማለዳ ፈጣን ሩጫ ብትወጡ ሁለቱንም ታበላሻላችሁ።

ብረቱ ብዙ ዓይነት አያስፈልገውም። ቁጢጥ ብሎ መነሳት። ወገብ ሳይጎብጥ ከመሬት ማንሳት። ፑሽ አፕ። በባር መሳብ፤ የኒሙ ቅርንጫፍም ይሆናል። በእግር ጣት ከፍ ዝቅ ማለት፤ ሯጮች ይቺን አትርሷት። እያንዳንዱን ከ6 እስከ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። አቅማችሁ ተሟጦ እስክትወድቁ ሳይሆን ሁለት ያህል ሲቀራችሁ አቁሙ። ያ የቀረው ሁለት ለሚቀጥለው ሩጫ ነው።

ሩጫ መገጣጠሚያውን የሚያሳምመው ሰው ሳይክል ይንዳ። ከዚራ ለጥ ያለ ነው፣ ዛፍ አለው። ሳይክል እግርን እንደ ሩጫ መሬት ላይ አያጋጭም፤ ስለዚህ ከብረት ጋር በቀላሉ ይስማማል። ከሐረር የመጣችሁ ወንድሞች ደግሞ ሌላ ዕድል አላችሁ። ከተማችሁ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ የእኛ 1,200 ገደማ። ቀዝቃዛ ነው። ዳገት እንደሆነ ከጀጎል በር ወጥታችሁ ሳትፈልጉት ይመጣል። ዳገት መሮጥ ግማሹ የእግር ብረት ነው፤ ስለዚህ ዳገት በሮጣችሁበት ሳምንት አንዱን የስኳት ቀን ቀለል አድርጉት።

አንድ ነገር ስለ ደቻቱ፣ ስለ ደረቁ ወንዛችን ልበል። ብዙዎቻችሁ በአሸዋው ላይ ትሮጣላችሁ። እኔም ሮጫለሁ። ለስላሳ አሸዋ ከጠንካራ መሬት 1.6 እጥፍ ያህል ጉልበት ይወስዳል። ባትና ቁርጭምጭሚት ያጠነክራል። አጭር አድርጉት፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። ግን በክረምት፣ ከላይ ተራራው ላይ ደመና ካያችሁ አትግቡ። እዚህ ጠብታ ሳይጥል ከላይ የዘነበው ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣውን ጎርፍ እዚህ ያላችሁ ወላጆች ታስታውሳላችሁ። ልጆቹ ስላልደረሱበት ነው የምናገረው። ደረቅ ወንዝም ወንዝ ነው።

ስለ ሙቀትም አጭር። ከደጋ የመጣ ሰው ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በነዚያ ቀናት ግማሹን ብቻ ይሥራ። ራስ ካዞረው፣ ላቡ እያለ ብርድ ብርድ ካለው ያቁም፤ ጥላ ውስጥ ይግባ፣ ውሃ በላዩ ይፍሰስበት።

ጾምና ረመዳንም አለ። እዚህ አዳራሽ ሁለታችንም አለን። በሑዳዴ ባቄላና ምስር ያግዛል፤ ቁጥሩ ይያዛል፣ ሳህኑ ግን መብዛት አለበት። በረመዳን ቀን ላይ ሩጫ ይቅር። ብረቱ ከፍጡር በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሁለት ዙር ብቻ። በዚያ ወር የምንፈልገው መጨመር አይደለም፤ ያለውን መያዝ ነው። መያዝ ከመገንባት በጣም ያነሰ ሥራ ነው የሚጠይቀው። በወሩ መጨረሻ ሁሉም ነገር እንዳለ ታገኙታላችሁ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተከፈተ።

መጀመሪያ የተነሳው ያ ብረት የሚገፋው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። ጠዋትም ማታም ጊዜ የለኝም። በአንድ ሰዓት ሁለቱንም መሥራት አለብኝ። የቱን ላስቀድም?» አለ። የምትፈልገውን አስቀድም አልኩት። ጉልበት ከፈለግክ ብረቱን ባልደከመ እግር ሥራ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ 20 ደቂቃ ሩጥ። ብርታቱ ብዙም አይጎዳም። ለውድድር የምትሮጥ ከሆነ ግን ሩጫው ይቅደም። «እና ሥጋዬን አይበላውም?» አለኝ። ከበላህ አይበላውም አልኩት። ጓደኛው ከጎኑ ትከሻውን መታ አደረገው።

ከዚያ ከመሀል አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይሆናል፤ ገንደ ቆሬ ነው የሚኖሩት። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የጎረምሳ ነው። እኔ በየቀኑ ቀፊራ ደርሼ እመለሳለሁ። መሄድ አያቅተኝም። ያቃተኝ ከመቀመጫ መነሳት ነው። እጄን ካልተመረኮዝኩ አልነሳም» አሉ።

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልተጠየቀም። እሳቸው ብርታት አላቸው። የጎደለው ጥንካሬው ነው። ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከጡንቻችን ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። መሄድ ብቻውን አያስቆመውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2020 ያወጣው መመሪያም ሁለቱን ነው የሚጠይቀው። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ላብ ላብ የሚያሰኝ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ሌላ ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ። ከ65 በላይ ለሆነ ሰው የሚዛን ልምምድም ይጨምራል። እሳቸው የመጀመሪያውን በቀፊራ መንገድ ጨርሰውታል።

«እማማ፣ አሁን እዚህ እንሞክረው?» አልኳቸው። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አስጠጋን፤ እንዳይሸሽ። እግርዎን ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ደረትዎን ወደፊት ያዘንብሉ፣ አልኩ። የመጀመሪያውን ወንበሩን ተመርኩዘው ተነሱ። ሁለተኛውን በአንድ እጅ። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን ነጠላቸው ላይ አደረጉና ቀስ ብለው ተነሱ። አዳራሹ ዝም አለ። ሲቀመጡ ቶሎ እንዳይወድቁ፣ እስከ ሦስት እየቆጠሩ እንዲቀመጡ ነገርኳቸው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ ተቀመጡ። አምስት ጊዜ አደረጉት።

«ነገም ልድገመው?» አሉኝ። ነገ አይደለም፣ እማማ። ነገ ይረፉ፤ ከነገ ወዲያ ይድገሙት። ቀፊራ ግን ነገም ይሂዱ።